የከባድ ዕቃ ማንሻ ጥገናና የአነስተኛ ድርጅቶች ድርሻ፦ ጠጋኝና መርማሪ ስለመለየት

የአንድ ፋብሪካ ባለ 10 ቶን ክሬን ሲበላሽ ምርቱም ይስተጓጎላል። ባለሙያ ከውጭ አገር ማስመጣት ጊዜና የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ በአቅራቢያ ያለ አነስተኛ የጥገና ድርጅት ግን በማግስቱ ሊደርስ ይችላል። ሆኖም የግዥ ኃላፊው የድርጅቱን ትንሽነት አይቶ ያመነታል።

ጥንቃቄው ተገቢ ነው። የክሬን ፍሬን ቢከዳ ጭነቱ የሚወድቀው ሠራተኛ በቆመበት ላይ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የድርጅት መጠን የሙያ ብቃት መለኪያ አይደለም። ያረጀ የሽቦ ገመድ መለወጥም ሆነ ዘይት የሚያፈስ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ማደስ የሠለጠነ እጅና ትክክለኛ መለዋወጫ እንጂ ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም። ዋናው አደጋ የሚመነጨው የጠገነው ሰው ራሱ የሥራውን ደኅንነት ሲያረጋግጥ ነው። በእሳት ሞቆ የተቃና መንጠቆ ለዓይን እንከን የለሽ ቢመስልም ጥንካሬው ተዳክሞ ሊሆን ይችላል፤ በብየዳ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅም ላዩን በማየት አይገኝም። ይህ ጉድለት በትልቅ ኩባንያም ቢሆን ያው ነው።

ስለዚህ ውሉ ለሁለት ቢከፈል ይበጃል። ጥገናውን አነስተኛው ድርጅት ያከናውን፤ የለወጠውን ዕቃና የመለዋወጫውን ምንጭ በጽሑፍ ያስረክብ። ፍተሻውን ደግሞ ክፍያውን በቀጥታ ከባለንብረቱ የሚቀበል ገለልተኛ መርማሪ ያካሂድ። በዓለም አቀፍ ደረጃ በተለመደው የ125 በመቶ የጭነት ፍተሻ መሠረት፣ ባለ 10 ቶኑ ክሬን ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት 12.5 ቶን ተሸክሞ መታየት ይኖርበታል።

ይህ አሠራር ወጪ ይጨምራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ማሽን ለሚያደርሰው ጉዳት በመርህ ደረጃ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። በፍተሻ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ በካሣ መልክ ከባለቤቱ ኪስ ሊወጣ ይችላል። ለአነስተኛው ድርጅትም ቢሆን በሌላ ወገን የተረጋገጠ የሥራ መዝገብ ለቀጣዩ ጨረታ ጠንካራ ማስረጃ ይሆነዋል።

የሚቀረው ጥያቄ መርማሪው ከየት ይምጣ የሚለው ነው። የሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍሎች የፍተሻ መሣሪያና ባለሙያ እስካሏቸው ድረስ ይህን አገልግሎት በክፍያ ሊሰጡ የሚችሉበት ሥርዓት ቢጠና፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምርምር ርእስ፣ ከጭነት ሥር ለሚውሉ ሠራተኞችም ዋስትና ይሆናል።