የአማተሮች ሥራና የማስታወቂያ ገበያ

አንድ ሰው ከመደበኛ ሥራው ውጪ፣ ማንም ሳይከፍለው፣ በቤቱ ጣሪያ ላይ አንቴና ሲሰቅል ወይም ሌሊቱን በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ፕሮግራም ሲጽፍ ቢታይ፣ ጎረቤቱ «ሥራ ፈት» ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። ይህ ፍርድ ግን ችኩል ነው። ዛሬ ዓለም መልእክት ከሚለዋወጥባቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከተራ የትርፍ ጊዜ ሠራተኞች ድካም የተገኙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች አማተር ይባላሉ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ የጥንት ፍቺው «አፍቃሪ» ማለት ነው፤ ይኸውም ሥራውን ስለ ክፍያው ሳይሆን ስለ ሥራው ብሎ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። በዛሬ አነጋገር «ያልበሰለ ጀማሪ» ለማለት መዋሉ ለቃሉም ለሰዎቹም የሚገባ አይደለም።

ነገሩ በራዲዮ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማርኮኒ የተባለው ጣልያናዊ በ1901 ከእንግሊዝ አገር የተላከ ምልክት አትላንቲክን አቋርጦ ኒውፋውንድላንድ መድረሱን ካስታወቀ በኋላ፣ በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች በየቤታቸው ማሰራጫና መቀበያ መሥራት ጀመሩ። ምልክታቸው ከባሕር ኃይልና ከመርከቦች መልእክት ጋር እየተደባለቀ አስቸገረ። በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ከሰጠመች በኋላ የወጣው የአሜሪካ የራዲዮ ሕግ፣ አማተሮች ከ200 ሜትር በማይበልጡ አጫጭር ሞገዶች ብቻ እንዲሠሩ ወሰነ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሊቃውንት አጭር ሞገድ ለሩቅ ግንኙነት አይረባም ብለው ያምኑ ነበርና፣ ውሳኔው ለም መሬቱን ለባለ ጉልበት ከፋፍሎ ጠፉን ለድኻ እንደ መተው ያህል ነበር።

ጠፍ የተባለው መሬት ግን ለም ሆኖ ተገኘ። በኖቬምበር 1923 ሊዮን ዴሎይ የተባለ ፈረንሳዊ አማተር በኒስ ከተማ ተቀምጦ፣ ፍሬድ ሽኔል ከተባለ አሜሪካዊ አማተር ጋር 110 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ አትላንቲክን አሻግሮ ተነጋገረ። በአማተሮች መካከል ውቅያኖስ ተሻግሮ በሁለቱም ወገን ጥያቄና መልስ የተደረገበት የመጀመሪያው ግንኙነት ይህ ነበር። ምክንያቱም ከምድር በላይ በከፍታ የሚገኘውና በፀሐይ ጨረር ኃይል ኤሌክትሪክ ያዘለው የአየር ንብርብር፣ አጭር ሞገድን እንደ መስተዋት አንጸባርቆ ወደ ምድር የሚመልሰው በመሆኑ ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ መንግሥታትና ኩባንያዎች ንቀውት ወደነበረው አጭር ሞገድ ተሽቀዳደሙ።

አማተሮቹ ሙሉ በሙሉ ሳይባረሩ የቀሩት በሕግ የተከለለ ቦታ ስለ ተሰጣቸው ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ አማተር የሚባለውን ሰው ሲተረጉም፣ ለግል ዝንባሌው ብቻ እንጂ ለገንዘብ ጥቅም የማይሠራ መሆኑን አጥብቆ ይናገራል። በአገሮች መካከል በሚደረግ የአማተሮች ግንኙነትም መልእክትን ትርጉሙ እንዲሰወር አድርጎ በምስጢር መላክ ክልክል ነው። ሁለት ቀላል ደንቦች ናቸው፤ በዚህ አየር ላይ አይሸጥም፣ በዚህ አየር ላይ አይደበቅም። እያንዳንዱ ላኪ አገሩን የሚገልጽ የጥሪ ምልክት ስላለው፣ «ኢ ቲ» የሚለውን መነሻ የሰማ የሩቅ አገር ሰው ተናጋሪው ከኢትዮጵያ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የአማተሮች ማኅበር ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ተብሎ የሚታወቀው በዚህ ሥርዓት ነው። በችግር ጊዜም የእነዚህ ሰዎች ጥቅም ይታያል፤ በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ የፖርቶ ሪኮን ስልክና መብራት ባጠፋ ጊዜ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል የአማተሮችን ማኅበር 50 የራዲዮ ሠራተኞች እንዲልክለት ጠይቋል።

ከዚህ ክልል ውጪ የቀረው አየር ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። በኦገስት 28 ቀን 1922 በኒውዮርክ ከተማ «ደብልዩ ኢ ኤ ኤፍ» የተባለው የራዲዮ ጣቢያ፣ አንድ የቤት ሻጭ ኩባንያ ገንዘብ ከፍሎ በጃክሰን ሃይትስ ስላሠራቸው መኖሪያ ቤቶች 10 ደቂቃ ያህል እንዲናገር ፈቀደ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር የነበረውና በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር፣ ይህን የመሰለ የአገልግሎት መሣሪያ በማስታወቂያ ወሬ እንዲሰጥም መፍቀድ የማይታሰብ ነው ብሎ ተናግሮ ነበር። የማይታሰብ የተባለው ነገር ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የአሜሪካ ራዲዮ መተዳደሪያ ሆነ። በብሪታንያ ግን ቢቢሲ ከእያንዳንዱ መቀበያ ባለቤት በሚሰበሰብ የፈቃድ ክፍያ እንዲተዳደር ተወሰነ። አንድ ዓይነት መሣሪያ በሁለት አገር ሁለት ዓይነት መተዳደሪያ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ከተፈጥሮ የመጣ ነገር ነው ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስታውሱ መልካም ነው።

በኮምፒዩተርም ዓለም ይኸው ክርክር በሌላ መልክ ተነሥቷል። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ጸሐፊ፣ ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል የኮምፒዩተር ሥርዓት ሊሠራ መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የጀመረው፣ ትልቅ ይሆናል ብሎም የማያስበው ሥራ እንዳለው ለሌሎች ገለጸ። ያ ሥራ ሊኑክስ ነው። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ከፍተኛ ኃይል ካላቸው 500 ኮምፒዩተሮች መዝገብ ውስጥ የገቡት በሙሉ በሊኑክስ የሚሠሩ ሆነዋል። አንድሮይድ የሚባለው የእጅ ስልክ ሥርዓትም የተገነባው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

የዚህ አሠራር ምስጢር ለገበሬ ልጅ አዲስ አይሆንበትም፤ ደቦ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንዱ ሰው የማይጨርሰውን አዝመራ ብዙዎች በአንድ ቀን ያጭዱታል። ሆኖም ልዩነት አለ። በደቦ ጊዜ ባለ አዝመራው ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ይጠብቃል፤ ነገ ደግሞ በተራው ማጭዱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይሄዳል። በፕሮግራሙ ደቦ ግን አጫጁ ጥቂት፣ በላተኛው ብዙ ነው። በኢንተርኔት የሚተላለፍን መልእክት ከሰላይ ዓይን የሚጠብቀው «ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል» የተባለ ፕሮግራም፣ የዓለም ባንኮችና ሱቆች ሲገለገሉበት፣ የሚጠብቁት እጅግ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ በዓመት የሚሰበሰብለት የልገሳ ገንዘብም 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። በኤፕሪል 2014 በውስጡ «የልብ መድማት» የሚል ስም የተሰጠው ከባድ ጉድለት ሲገኝ ዓለም ደነገጠ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ጠላው የተጠመቀው አዝመራው በረዶ ከመታው በኋላ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ገንዘቡ ታዲያ ያለው የት ነው? አብዛኛው በማስታወቂያ ገበያ ውስጥ ነው። በ1998 የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን፣ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ባወጡት ጽሑፍ፣ በማስታወቂያ ገንዘብ የሚተዳደር የመረጃ መፈለጊያ ከፈላጊው ይልቅ ወደ አስተዋዋቂው ማዘንበሉ እንደማይቀር አመልክተው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተው ማስታወቂያ መሸጥ ጀመሩ። በ2023 ጉግልን የያዘው አልፋቤት የተባለው ድርጅት ካገኘው ገቢ ከሦስት አራተኛው በላይ የተገኘው ከማስታወቂያ ነው።

በገበያ መካከል ቆሞ «ቅመሱ፣ ግዙ» የሚል ነጋዴ ለሁሉም እኩል ይጮኻል፤ የሚያልፈው ሰው ማን እንደሆነ፣ ትናንት ምን እንደገዛ አያውቅም። የኢንተርኔት ማስታወቂያ ግን ገዢውን ተከትሎ እስከ ቤቱ የሚሄድ ነጋዴ ነው። በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ የተፈለሰፈችው «ኩኪ» የምትባል ትንሽ የመለያ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያ ተግባሯ አንባቢው የመረጣቸውን ዕቃዎች ለማስታወስ ነበር፤ ኋላ ግን ሰውየውን ከቦታ ወደ ቦታ ለመከታተያ ዋለች። አንድ ሰው አንድ ገጽ ሲከፍት፣ ገጹ ተጭኖ ሳያልቅ፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ለዚያ ሰው ዓይን ማስታወቂያ ለማሳየት በኮምፒዩተሮች መካከል ሐራጅ ይካሄዳል። ተጫራቾቹ የሚመዝኑት ስለ ሰውየው የተሰበሰበውን ወሬ ሲሆን፣ ሰውየው በራሱ ላይ ሐራጅ መካሄዱን አይሰማም። አማተሮች ይህን ዝም ብለው አላዩትም፤ «ፓይ ሆል» የተባለ በነፃ የሚታደል ፕሮግራም አዘጋጅተዋል። ይህም በቤት ውስጥ በተቀመጠ አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ፣ የማስታወቂያ ላኪዎችን አድራሻ ሲጠየቅ መልስ በመንፈግ ማስታወቂያው ከበር እንዲመለስ ያደርጋል።

ማስታወቂያን የሚደግፉ ሰዎች የሚሰጡት መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ድኻው ተማሪ መዝገበ ቃላቱን፣ ካርታውንና የደብዳቤ መላኪያውን ያለ ክፍያ ያገኘው አስተዋዋቂው ስለ ከፈለለት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ከዚህም በላይ ፋየርፎክስ የተባለውን ክፍት ፕሮግራም የሚሠራው ሞዚላ ለብዙ ዓመታት አብዛኛውን ገቢውን ያገኘው ከጉግል ነው። ደቦውን የሚመግበው ገበያው ሆነ ማለት ነው። ስለሆነም ማስታወቂያ በጠቅላላው ይጥፋ ማለት የማይሆን ሐሳብ ነው። መለየት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ስለ እርሻ በሚናገር ጽሑፍ አጠገብ ስለ ማዳበሪያ ማስተዋወቅና፣ አንድን ገበሬ በስውር ተከታትሎ ዕዳውንና ሕመሙን አውቆ በዚያ ተመርኩዞ ማስተዋወቅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ንግድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ያለ ፈቃድ ሰላይነት ነው። በአውሮፓ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ፣ የኬንያ የ2019 ሕግና በኢትዮጵያ በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን ጉዳይ ለመሰብሰብ የሰውየውን ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት የሚጠይቁት ስለዚህ ነው።

ራዲዮ፣ ኮምፒዩተርና ገበያ በአንድ ላይ የተገናኙበት አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በተለያዩ ደሴቶች ያሉትን ክፍሎቹን በራዲዮ አማካይነት ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር ማያያዝ ጀመረ። ሁለት ላኪዎች በአንድ ጊዜ ቢልኩና መልእክታቸው ቢጋጭ፣ እያንዳንዱ በዕጣ የደረሰውን ያህል ጊዜ ቆይቶ እንደገና ይልካል። የአማተር ራዲዮ ሰዎችም ይህን የመሰለ መረብ ለራሳቸው መዘርጋት ጀመሩ፤ በ1981 ከ16 ሚሊዮን በላይ የኢንተርኔት አድራሻዎች ያለ ዋጋ ተመደቡላቸው። ማንም ያን ጊዜ አድራሻ የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል ብሎ አላሰበም። በ2019 አድራሻዎቹን የሚያስተዳድረው አነስተኛ ድርጅት ሩቡን፣ ማለት 4 ሚሊዮን ያህሉን፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአማዞን ሸጠ። ገንዘቡም ለአማተር ራዲዮና ለክፍት ፕሮግራም ሥራ የሚሰጥ የእርዳታ መዋያ ሆነ።

በዚህ ሽያጭ አማተሮች ተከፋፍለዋል። ማንም ሳይገለገልበት ጾሙን ያደረን ነገር ሸጦ ገንዘቡን ለትምህርትና ለምርምር ማዋል የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈው፣ ውሳኔው የጥቂት ሰዎች ሆኖ ብዙዎቹ የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። በአየር ላይ መደበቅን የሚከለክል ማኅበር በንብረቱ ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ግልጽነት ሊኖረው አይገባም ነበር።

ይህ ሁሉ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሩቅ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ግን አይደለም። በ2012 ቴሌቪዥንን በኮምፒዩተር ለማየት የተሠራች፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ርካሽ መቀበያ፣ በአማተሮች በተጻፈ ክፍት ፕሮግራም አማካይነት ብዙ ዓይነት ሞገድ የምትቀበል ራዲዮ ልትሆን እንደምትችል ታወቀ። ዕቃዋ፣ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ሊኑክስና ጥቂት ክንድ ሽቦ ካሉ የፊዚክስ ክበብ ማቋቋም ይቻላል። አውሮፕላኖች በ1,090 ሜጋኸርዝ ያለማቋረጥ የሚልኩትን የቦታቸውንና የከፍታቸውን ምልክት እያነበቡ፣ ከትምህርት ቤቱ በላይ የሚያልፈውን አውሮፕላን በካርታ ላይ መከተል ተማሪዎቹ በአንድ ሳምንት ሊደርሱበት የሚችሉት ሥራ ነው። ለመላክ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ሚኒስቴርና የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ተነጋግረው ለተማሪዎች የሚመጥን ፈተና ቢያዘጋጁ፣ የኦም ሕግና የሞገድ ርዝመት ስሌት ከሰሌዳ ወርዶ ከሽቦው ጋር ይገናኛል።