አስታማሚውን የማያይ ምርምር

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተከማቹትን የነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎች ርዕስ የሚያነብ ሰው አንድ ዓይነት ቅርጽ ሲደጋገም ያገኛል፤ የእንዲህ ያለው ችግር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ በእንዲህ ያለው ከተማ። አለዚያም የነርሶች ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር። ተማሪው መጠይቅ ያዘጋጃል፣ ጥቂት ሳምንት መረጃ ይሰበስባል፣ ይተነትናል፣ ይመረቃል። ጥናቱ የተካሄደበት ዋርድ ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ጥፋቱን በተማሪው ላይ መጣል አይገባም። ጥያቄው የሚቀዳው ከታማሚው አልጋ ሳይሆን አምና ከተመረቀው ተማሪ ጽሑፍ ነው፤ ይህን የፈቀደው ደግሞ የትምህርት ክፍሉ ራሱ ነው።

ልማዱ የመጣው ከመልካም ነገር ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለማሰማራት ነበር። የጅማው ተቋምም ኋላ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሁ አደረገ። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ቆይቷል። ስለዚህ ምርምር ማለት መጠይቅ ይዞ ወደ መንደር መውጣት ሆኖ ቀረ፤ የሆስፒታሉ ዋርድ ተዘነጋ። ያም ሆኖ የቡታጅራው ምዝገባ እነዚያኑ ቤተሰቦች ለዓመታት ተከታትሏል፤ የዛሬው መመረቂያ ጽሑፍ ግን አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚሄድ ነው።

ዋርዱ ውስጥ እምብዛም ሳይጠና የሚኖር ትልቅ እውነት አለ። ታማሚውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ሌሊት ተረኛዋን ነርስ የሚቀሰቅሰው በአብዛኛው አስታማሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ከ420 ሺህ በላይ የቀዶ ሕክምና ታማሚዎችን መረጃ መርምሮ፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታማሚ ሲጨመር የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል፣ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ሲያድግ ደግሞ በ7 በመቶ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ይህን ስሌት እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም፤ የእኛ ነርስ ያልደረሰችበትን ሥራ አስታማሚው ይሸፍነዋልና። ለመሆኑ አስታማሚ የሌለው ታማሚ ምን ይሆናል? የአልጋ ቁስል ይበዛበታል? አስታማሚው በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጥ ቢሠለጥን ቁስሉ ይቀንሳል? እነዚህን ጥያቄዎች የውጭ አገር ተመራማሪ አይጠይቅልንም፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም የተጻፉት አስታማሚ አልጋ ሥር ለማያድርበት ሆስፒታል ነው።

አስታማሚውን ማጥናት የነርስ ሥራ ወደ ቤተሰብ እንዲገፋ ሰበብ ይሆናል የሚል ሥጋት ይነሣል። ሥጋቱ ቀላል አይደለም፤ በጀት የሚመድብ አካል እንዲህ ያለውን ሰበብ አይጠላም። ነገር ግን ሥራው ዛሬም በቤተሰብ ላይ ነው፤ ልዩነቱ አለመለካቱ ብቻ ነው። ስንት ሰዓት የነርስ ሥራ በአስታማሚ እንደሚሠራ ያላሳየች ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ተጨማሪ ነርስ ስትጠይቅ የምታቀርበው ማስረጃ የላትም። ሌላው መከራከሪያ የገንዘብ እጥረት ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ማቀፍ፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ ላይ የተጀመረው ኢንኩቤተር በማነሱ ነበር። ሐኪሙ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ላይ ዝቅተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ ፈትነውት፣ ሞት መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ የእናት ደረትና በሥርዓት የሚከታተል ባለሙያ ነበር የሚያስፈልገው። አጠገቧ ሆኖ የሚከታተለው ባለሙያ ደግሞ በአብዛኛው ነርስ ነው፤ ጥናቱን የሚመራው ግን ሐኪም መሆኑ ለነርሲንግ ትምህርት ክፍሎች ሊቆረቁራቸው ይገባል።

የሚቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪ ባለው አጭር ጊዜ ችግሩን ለክቶ፣ መፍትሔ ሞክሮ፣ ውጤቱን ሊያይ አይችልም፤ ይህ እውነት ነው። ሦስት ተከታታይ ባቾች ግን ይችላሉ፤ የመጀመሪያው በአንድ ዋርድ የአልጋ ቁስልን ይለካል፣ ሁለተኛው አስታማሚዎችን ያሠለጥናል፣ ሦስተኛው መልሶ ይለካል። ለዚህ መምህሩ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋርድ የሚሠራ መሆን አለበት፤ የአካዳሚክ ዕድገት ሲሰጠውም ከታተመው ጽሑፍ እኩል በዋርዱ ያመጣው ለውጥ ይቆጠርለት። የጥናት ርዕስ በሚጸድቅበት ስብሰባ ላይም ሜትሮኗ ድምፅ የመስጠት መብት ይዛ ትቀመጥ።