የኬንያ ምክትል ፕሬዚዳንት፤ ለምርጫው ቀን ወይስ ለአምስቱ ዓመት?

መሪውን ከምክትሉ ጋር በሕዝብ ድምፅ በሚመርጥ አገር፥ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሰው ከታወቀ በኋላ፥ ሕዝቡ ቀጥሎ የሚጠያየቀው ምክትሉ አድርጎ ማንን ያቀርብ ይሆን በማለት ነው። በኬንያም የሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ በሕገ መንግሥቱ መሠረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 10 ቀን 2027 ዓ.ም. የሚውል ስለሆነ፥ ይኸው ጥያቄ ከ2025 ዓ.ም. ጀምሮ በጋዜጣውም በገበያውም ሲነሣ ቆይቷል። ግምቱ ሁሉ ግን የሚያተኩረው፥ እገሌ ከየትኛው ወገን ምን ያህል ድምፅ ያመጣል በሚለው ላይ ነው። እኛ በበኩላችን፥ ያለፉት ዓመታት ታሪክ እንደሚያስረዳው፥ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም ሁለቱ ሰዎች ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ አምስት ዓመት አብረው ሊሠሩ ይችላሉን? የሚለው ነው።

ጉዳዩ የናይሮቢ ፖለቲከኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዲሴምበር 2007 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ ክርክር ባስነሣ ጊዜ፥ በተከተለው ሁከት ከ1,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከሞምባሳ ወደብ ወደ ውስጥ አገር የሚወስደው ሐዲድና መንገድ በመዘጋቱ፥ የባሕር በር የሌላቸው ኡጋንዳና ሩዋንዳ በነዳጅ እጦት ተቸግረው ነበር። በአንዱ አገር ሹማምንት መካከል የሚነሣ ጠብ በሌላው አገር ገበያ ዋጋ እንደሚያስወድድ፥ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ሁሉ አይዘነጋውም።

በቀድሞው ሕግ የኬንያ ፕሬዚዳንት ምክትሉን ራሱ ይሾመው፥ ራሱም ይሽረው ነበር። የመጀመሪያው ምክትል ጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ከፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ጋር ባለመስማማታቸው በ1966 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ የተሾሙት ጆሴፍ ሙሩምቢም ጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው ሄዱ። በ1967 ዓ.ም. የተተኩት ዳንኤል አራፕ ሞይ ግን፥ ኬንያታ በኦገስት 1978 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ መንበሩን ተረክበው እስከ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ ገዝተዋል። እኒሁ ሞይ፥ ምክትልነት ምን ያህል ኀይል እንዳለው ከራሳቸው ታሪክ የተማሩት፥ ከ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ከአንድ ዓመት በላይ ቦታውን ባዶ ትተውት ነበር። በዚያ ዘመን ምክትል ማለት ፕሬዚዳንቱ ሲፈልግ የሚያኖረው፥ ሳይፈልግ የሚያነሣው ሰው ማለት ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ሁሉ ለወጠው። ዕጩው ምክትሉን ከምርጫው አስቀድሞ ለሕዝብ ማቅረብ አለበት፤ መራጩም ለሁለቱ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። ፕሬዚዳንቱ ቢሞት ወይም ቢለቅ፥ ምክትሉ ያለ አዲስ ምርጫ የቀረውን ዘመን ይፈጽማል። ፕሬዚዳንቱም ምክትሉን መሻር አይችልም፤ እርሱን ለማውረድ የብሔራዊው ምክር ቤት አባሎች ሁለት ሦስተኛ ከሰውት፥ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች ሁለት ሦስተኛ ደግሞ ክሱን ማጽደቅ አለባቸው። ከዚህም ሌላ፥ ያሸነፈ የሚባለው ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ፥ ከ47ቱም አውራጃዎች ከግማሽ በሚበልጡት በእያንዳንዳቸው 25 በመቶ ያገኘ ነው። ይህን ማንም በወገኑ ብቻ ሊያገኘው ስለማይችል፥ ምክትሉ የሚፈለገው እንደ ንግድ ሸሪክ ካፒታል ይዞ እንዲመጣ ሆነ።

በአዲሱ ሕግ መጀመሪያ የተመረጡት በ2013 ዓ.ም. ሚስተር ኡሁሩ ኬንያታና ሚስተር ዊልያም ሩቶ ነበሩ። በ2007ቱ ሁከት የተጋጩት ኪኩዩና ካለንጂን በእነዚህ ሁለት ሰዎች አማካይነት ስለ ተባበሩ፥ ሽርክናው ለሰላምም የጠቀመ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በማርች 2018 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ከተቃዋሚያቸው ከሚስተር ራይላ ኦዲንጋ ጋር እጅ ለእጅ ከተጨባበጡ በኋላ፥ ምክትሉ በስም እንጂ በምክር ከመንግሥቱ ውጭ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ ሊሽሯቸው አልቻሉም፤ እርሳቸውም አልለቀቁም። እንዲህ ሲገፋፉ ቆይተው፥ በ2022ቱ ምርጫ ፕሬዚዳንቱ የገዛ ምክትላቸውን ትተው ሚስተር ኦዲንጋን ደገፉ።

የ2022 ዓ.ም. ግምት ከሁሉ የበለጠ የሞቀ ነበር። ድምፅ የሚበዛበት በኬንያ ተራራ ዙሪያ ያለው አገር የራሱ ታላቅ ዕጩ ስላልነበረው፥ ሁለቱም ወገን ምክትሉን ከዚያ ፈለገ። በሚስተር ሩቶ ዘንድ ሚስተር ሪጋቲ ጋቻጓና የሕግ መምህሩ ፕሮፌሰር ኪቱሬ ኪንዲኪ ተፎካከሩ፤ ከአካባቢው እንደራሴዎች ብዙዎቹ ፕሮፌሰሩን እንደ መረጡ በጊዜው ቢነገርም፥ ሜይ 15 ቀን የተሰየሙት ሚስተር ጋቻጓ ሆኑ። በማግሥቱ ሚስተር ኦዲንጋ የቀድሞዋን የፍትሕ ሚኒስትር ወይዘሮ ማርታ ካሩዋን አቀረቡ፤ በ2013ና በ2017 ዓ.ም. ምክትላቸው ሆነው የተወዳደሩት ሚስተር ካሎንዞ ሙስዮካም ቅር ተሰኝተው ለጊዜው ተለዩ። ኦገስት 9 ቀን ሚስተር ሩቶ 7,176,141 ድምፅ፥ ሚስተር ኦዲንጋ 6,942,930 ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 233,211 ብቻ ስለሆነ፥ የምክትሉ ካፒታል አልጠቀመም የሚል የለም።

ሽርክናው ግን ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። በ2024 ዓ.ም. አዲሱን የግብር ሕግ በመቃወም ወጣቶች አደባባይ ከወጡ በኋላ፥ ጁላይ 11 ቀን ፕሬዚዳንቱ ከዋናው ሚኒስትር ከሚስተር ሙዳቫዲ በቀር ሚኒስትሮቻቸውን በአንድ ቀን አሰናበቱ፤ ምክትላቸውን ግን ሕጉ ስላልፈቀደላቸው ሊነኩ አልቻሉም። ኦክቶበር 8 ቀን ብሔራዊው ምክር ቤት በ281 ድምፅ ሚስተር ጋቻጓን ከሰሰ፤ ኦክቶበር 17 ቀንም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ከ11ዱ ክሶች 5ቱን አጽድቆ ከሥልጣን አወረዳቸው። እርሳቸው ክሶቹን ሁሉ ክደዋል። ከክሶቹ መካከል ልብ የሚባለው፥ መንግሥትን እንደ አክሲዮን ማኅበር በመቍጠር፥ ድምፅ የሰጠ ወገን እንደ አክሲዮኑ ትርፍ ይድረሰው የሚል ንግግር ማድረጋቸው ነው። በእግራቸው የተተኩት ደግሞ በ2022 ዓ.ም. ታልፈው የነበሩት ፕሮፌሰር ኪንዲኪ ናቸው፤ ኖቬምበር 1 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

እንግዲህ የአክሲዮኑ ንግግር የሚነቀፍ ቢሆንም፥ ምንጩ ምክትሉ የተመረጡበት መንገድ ራሱ መሆኑን መርሳት አይገባም። ካፒታል አምጣ ተብሎ የተጠራ ሰው፥ ትርፌ የታል ብሎ ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል? ሕጉም ጉድለት አለበት። ምክትሉን ከመሻር ሲጠብቀው፥ ሥራውን ግን በአብዛኛው ፕሬዚዳንቱ በሚሰጠው ላይ አንጠልጥሎታል፤ በሌላ ሕግ ተለይቶ ከተሰጠው አንዱ፥ ማእከላዊው መንግሥትና አውራጃዎቹ ስለ በጀት የሚመክሩበትን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መምራት ነው። ማንም የማይሽረው፥ ነገር ግን ሥራው ሊነጠቅ የሚችል ሹም ከጌታው ጋር ሲጣላ፥ ከበጀቱ ጉባኤ ጀምሮ ሚስተር ጋቻጓ ይመሩት እስከ ነበረው የቡና ንግድ ማሻሻያ ድረስ፥ ገበሬውና ነጋዴው የማንን ቃል እንደሚይዝ ይቸገራል።

አንዳንዶች፥ ታዲያ የቀድሞው ሕግ አይሻልምን? ይሉ ይሆናል። እኛ አይሻልም እንላለን። ያኔ ምክትል የሚወርደው በአንድ ሰው ፈቃድ ነበር፤ አሁን ግን ክሱ በአደባባይ ይነበባል፥ ተከሳሹም ይመልሳል፥ ፍርድ ቤትም ይመረምረዋል። መድኀኒቱ ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን፥ ውሉን ከምርጫው በፊት ግልጽ ማድረግ ነው። ዕጩው የምክትሉን ስም ሲያስታውቅ፥ የትኛውን ሥራ እንደሚያስረክበውና ባይስማሙ ነገሩን በምን እንደሚፈቱት አብሮ ለሕዝብ ቢገልጽ፥ መራጩ ሁለት ሰዎችን ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ስምምነት ይመርጣል።

ሚስተር ኦዲንጋ በኦክቶበር 2025 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ፥ ደጋፊዎቻቸው ወዴት ያዘነብላሉ የሚለው የ2027ቱን ሒሳብ ይበልጥ አወሳስቦታል፤ ስለ ምክትልነቱ የሚደረገው ድርድርም በዚያው መጠን ይጠነክራል። አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ምክትል ፕሬዚዳንት የአገር ሁለተኛ ባላ ነው። ባላ የሚቈርጥ ሰው እንጨቱ ጭነት መሸከም መቻሉን አስቀድሞ ይመረምራል እንጂ፥ ከየትኛው ደን እንደ ተቈረጠ ብቻ አይጠይቅም።