«ከበደኝ» ሌላ፣ «ተበደልሁ» ሌላ

የጨዋታ ነገር ሲነሣ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ነገሩ የቪዲዮ ጨዋታ የሆነ እንደሆነማ፣ ለሥራ ፈት የተፈጠረ ጊዜ ማባከኛ ነው ብለው በአንድ ቃል ይዘጉታል። ነገር ግን ጨዋታ ሰው ሽንፈቱን እንዴት እንደሚቀበል የሚታይበት መስተዋት ነውና፣ በዚህ ሳምንት በዚህ ዓምድ ጥቂት ብንነጋገርበት ጊዜ ማጥፋት አይሆንም።

በድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ሁሉ ጥላ ጥላውን ይፈልጋል። ከዚራም ሆነ መጋላ፣ በዚያን ሰዓት ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው ከሁሉ አብዝቶ የሚሰማው ቃል «ኧረ ይኼ ጨዋታ ያጭበረብራል!» የሚለው ነው። የሚገርመው ግን፣ ያሸነፈው ልጅ «ጨዋታው አጭበረበረልኝ» ሲል ተሰምቶ አይታወቅም።

ይህ ክርክር በእኛ ከተማ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአውስትራሊያ አዴሌድ ከተማ ቲም ቸሪ የሚባል የጥቂት ሰዎች ማኅበር አለ። እነዚህ ሰዎች ትልቅ ኩባንያ ሳይደግፋቸው ከሕዝብ ባሰባሰቡት ገንዘብ ጀምረው፣ በ2009 ዓ.ም. «ሆሎው ናይት» የተባለ ጨዋታ አወጡ፤ ጨዋታውም በዓለም ላይ ስመ ጥር ሆነ። ተከታዩን «ሲልክሶንግ»ን በ2011 ዓ.ም. ቢያስታውቁም፣ ለገበያ የቀረበው ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያች ዕለት ከገዢው ብዛት የተነሣ የሽያጭ ድረ ገጾች ተጨናንቀው ቆሙ።

ደስታው ግን ብዙ ቀን ሳይቆይ እሮሮ ተከተለው። ተጫዋቹ ጉዞውን ሲጀምር ያለው ነፍስ አምስት ነው፤ ብዙዎቹ ጠላቶች ደግሞ በአንድ ምት ሁለት ሁለቱን ይወስዱበታል። እንግዲህ ሦስት ጊዜ የተመታ ሞተ ማለት ነው። የሞተውም ከማረፊያው ተነሥቶ ረጅሙን መንገድ እንደገና ይጓዛል። አንዳንዱን ማረፊያ ለመክፈት ሳይቀር ገንዘብ ይጠየቃል። ስለዚህ ግማሹ ተጫዋች «ይህ ጨዋታ ሳይሆን ቅጣት ነው» አለ፤ ግማሹም «ያልቻለ ይተወው፤ ጣዕሙ ክብደቱ ነው» ሲል መለሰ።

የኋለኞቹም አነጋገር እንዲያው የትዕቢት ብቻ አይደለም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የባላጋራን ንጉሥ በኃይለኛ ጠጠር መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካሞቹ ከብቦ መያዝ ግን ያስከብር ነበር። አባቶቻችን የድልን ዋጋ በድካሙ ልክ ይመዝኑት እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ያለ ልፋት የተገኘ ድል ባለድሉንም ራሱን አያስደስተውም።

ታዲያ ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? ጨዋታው በወጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ማሻሻያ አወጡ። በመጀመሪያው የጉዞ ክፍል የሚገጥሙትን ሙርዊንግና ሲስተር ስፕሊንተር የተባሉ ሁለት ባላጋራዎች በመጠኑ አለዘቧቸው፤ ለማረፊያና ለመጓጓዣ ከሚከፈለውም ዋጋ ጥቂት ቀነሱ። በመጨረሻ የሚጠብቁትን ታላላቆቹን ባላጋራዎች ግን ለማለዘብ አልቸኮሉም። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ሠሪዎቹ ተራራውን ዝቅ አላደረጉትም፤ ሰው ገና ከግርጌው ተስፋ ቆርጦ እንዳይመለስ የመጀመሪያዎቹን እርከኖች አስተካከሉ እንጂ።

ሌላም ዘዴ አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው «ሰለስት» የተባለው ተራራ የመውጣት ጨዋታ እጅግ ከባድ ነው። ነገር ግን የከበደው ሰው ከፈለገ የጨዋታውን ፍጥነት እንዲቀንስ ወይም ኃይሉ እንዳያልቅ እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል። ሳይታገዝ መውጣት የሚሻው ሰው ክብሩ አልተነካበትም፤ እርዳታ የሚያስፈልገውም ከደጅ አልተመለሰም።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው «ከበደኝ» እና «ተበደልሁ» ሁለት የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ነው። ከባድ ጨዋታ ስትወድቁ ለምን እንደ ወደቃችሁ ያሳያችኋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ እርምጃ አልፋችሁ ትወድቃላችሁ። በዳይ ጨዋታ ግን መቶ ጊዜ ወድቃችሁ አንድም ነገር አያስተምራችሁም። የመጀመሪያው ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና። ሁለተኛው ግን መታረም አለበት፤ የሚታረመውም ተጫዋቹ ሲናገር ነው።

አነጋገሩ ግን ወሳኝ ነው። «ጨዋታችሁ የማይረባ ነው» የሚል ቃል ሠሪውን ያሳዝነው እንደሆነ እንጂ የሚያርመው ነገር አይሰጠውም። «በዚህ ስፍራ አሥር ጊዜ ወደቅሁ፤ ጠላቱ ከየት እንደሚመጣ አይታይም» ያለ ሰው ግን የሠሪውን የአንድ ሳምንት ድካም አቀለለ። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው መሆኑንም መርሳት አይገባም። ቪየትናማዊው ዶንግ ንጉየን በ2005 ዓ.ም. ያወጣው «ፍላፒ በርድ» በክብደቱ ዓለምን ሲያነጋግር ቆይቶ፣ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ሠሪው ራሱ ግርግሩ ኑሮውን እንዳወከበት ተናግሮ ከገበያ አነሣው። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ የጥንቱንም ገበጣ በስልክ የሚጫወቱት አድርጎታል። እንዲህ ያሉ ጀማሪዎች ከጭብጨባውም ከስድቡም ይልቅ የሚጠቅማቸው የወደቁበትን ስፍራ የሚጠቁማቸው ሰው ነው።

ነገሩ ከጨዋታም ያልፋል። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። አንዱ «ፈተናው ከበደ» ይላል፤ ሌላው «ልጆቹ ሰነፉ» ይላል። ፈተና መለኪያ ነውና እንደ ጨዋታ ስላለዘቡት ዕውቀት አይጨምርም። ነገር ግን ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት በአንድ ደጃፍ ሲወድቁ፣ ሁሉም ሰነፎች ናቸው ብሎ መዝጋትም ፍርድ አይሆንም። መታየት ያለበት ወደ ደጃፉ የሚያደርሰው እርከን ነው፤ ይኸውም ማንበብና ማስላት የሚለመድበት የታችኛው ክፍል ነው። የጨዋታ ሠሪዎቹ ያስተካከሉት መጀመሪያውን መሆኑን እዚህ ላይ ያስታውሷል።

ስለዚህ ተማሪ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መምህርህን «ሒሳቡ ከበደኝ» ብለህ ብቻ አትተው። «እስከ ሁለተኛው እርምጃ ደርሻለሁ፤ ሦስተኛው ከየት እንደ መጣ አላየሁም» በለው። ያን ጊዜ መምህሩ ስንፍናህን ሳይሆን መንገዱን ይመለከታል።

አንተም አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በመስኮትህ ፊት ባለጉዳዮች በአንድ ቀን ለአንዲት ወረቀት ሲመላለሱ ያየህ እንደሆነ፣ «ሕዝቡ አይገባውም» ለማለት አትቸኩል። አንድ ሰው ቢሳሳት ስሕተቱ የሰውዬው ሊሆን ይችላል፤ ሃያ ሰው በአንድ ስፍራ ቢሳሳት ግን ማስታወቂያህን እንደገና አንብበው። የሚጎድለው አንድ መስመር ሊሆን ይችላልና፣ እርሱን ጽፈህ ብትለጥፍ በማግሥቱ የሚመላለሰው ሰው ይቀንሳል።