ሐዋሳ በልጆች ሰዓት
ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ብዙ ወላጅ ቁርስ እዚህ፣ ምሳ እዚያ ብሎ ያቅዳል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ ሽንቱ ሲመጣ መጣ፣ ሆዱ ሲረበሽ ተረበሸ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ በልጁ ሰዓት ይውጣ። መንገዱም ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ ይከታተላሉ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳና ዓሣ አስጋሪ እያዩ መሯሯጥ የባከነ ጊዜ አይደለም፤ ለልጆቹ ጉዞው እሱ ነው። አቅም ካለ ደግሞ ላንጋኖ ማደር ከሁሉ ይሻላል። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ውኃና ፌስታል ከእጅ አይራቁ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የልጅ መቀመጫ ነው። እናት ያቀፈችው ሕፃን የተጠበቀ ይመስላል፤ መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጋጭ ግን የትኛውም ክንድ አያስቀረውም። በትክክል የታሰረ መቀመጫ የጨቅላዎችን ሞት በ71 በመቶ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ዋጋው ውድ ነው፤ ቢሆንም ከሆቴሉ ወጪ ተቀንሶ ይገዛ። ወላጆች ሆይ፣ ንጋት 12 ሰዓት ተነሡ፣ ሳይጨልምም ቁሙ፤ ማታ መንገዱን ከብትና መብራት የሌለው ጋሪ ይጋሩታል።