ዕድር ለቀብር ይደርሳል፤ ለእርጅናስ ማን ይድረስ?

ባለፈው ወር ሐረር ሄጄ ነበር። የሄድኩት በአንድ የአረጋውያን መርጃ ቤት የሚኖሩትን የ84 ዓመት አክስቴን ልጠይቅ ነው። ሐረር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንደ እኔ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ግን ይህን መንገድ የሚለካው በብር ነው። የአውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ የአንድ ሌሊት አልጋና ምግብ ሲቀነስ ለአክስቴ የቀረኝ 2,000 ብር ነበር። ሸዋ በር ስወርድ ሒሳቡን ጨርሻለሁ። ሁለት እሽግ የአዋቂ ዳይፐር፣ የዱቄት ወተት፣ ሳሙና፣ ቅባትና ሙዝ።

አክስቴ ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ከሞቱ 30 ዓመት ሊሞላ ነው። ከጀጎል ግንብ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ከ40 ዓመት በላይ ኖረዋል። የስፌት መኪኖች ድምፅ ስም ካወጣለት ከመኪና ግርግር ልብስ እየተቀበሉ፣ ቁልፍ እየተከሉና ጠርዝ እየዘመዘሙ ራሳቸውን አስተዳድረዋል። ቀጣሪ ስላልነበራቸው ጡረታ የላቸውም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ራሱ የተዘረጋው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ሲሆን፣ ያኔ አክስቴ 69 ዓመታቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት፣ በረጠበው የጀጎል ድንጋይ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። መንገዱ መኪና ስለማያስገባ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ፈረስ መጋላ አደረሷቸው። ከሕክምናው በኋላ ብቻቸውን መኖር አልቻሉም። እኛ የወንድምና የእህት ልጆች በስልክ ተመካከርን። አንዱ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፣ አንዷ የራሷን እናት ታስታምማለች፣ አንዱ ውጭ አገር ነው። ሁላችንም ምክንያት ነበረን፤ ምክንያታችንም ውሸት አልነበረም። አክስቴ መርጃ ቤት ገቡ።

መርጃ ቤቱን በስም አልጠራውም። ምግብ አለ፣ አልጋው ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹ ጥቂት ቢሆኑም ይደክማሉ። ነገር ግን አክስቴ ሲገቡ አሻራቸውን ያሳረፉበትን ወረቀት ቅጂ ብጠይቅ የሚሰጠኝ አጣሁ። የትኛውን መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደሚወስዱ ጠይቄም መልሱን ያገኘሁት ከጎናቸው ከተኙት እናት ነው። እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ሰው ቀሪ ዕድሜውን ለሌላ ሲያስረክብ የውሉ ቅጂ አለመኖሩ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አክስቴን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። ዳይፐሩንም ወተቱንም አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው ‹‹ልጄ፣ ዕድሬ ተቋርጧል፤ ስሞት ማን ይቀብረኛል?›› አሉኝ። ‹‹አይዞዎት፣ እኛ አለን›› ብላቸው፣ ‹‹አቦ ተወኝ! አንተ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ሬሳዬ ይጠብቅሃል?›› ብለው አፌን አዘጉኝ።

ከሰፈሩ ከወጡ ወዲህ ወርኃዊ መዋጮ የሚሰበስበው ሰው አላገኛቸውም። እኛም አላሰብነውም። የዕድሩን ሰብሳቢ ፈልጌ አገኘኋቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። በወር 100 ብር የ14 ወር ውዝፍ 1,400 ብር፣ ቅጣት 700 ብር፣ በድምሩ 2,100 ብር። ‹‹ደንባችን ላይ ስለ ቀብር እንጂ ስለ እርጅና የተጻፈ የለም›› አሉኝ። አክስቴ ለዚህ ዕድር ከ30 ዓመት በላይ ከፍለዋል። ወድቀው በተሰበሩ ጊዜ ዕድሩ አልደረሰም፤ ደንቡ አያዘውምና። መክፈል ሲያቅታቸው ግን ሰረዛቸው፤ ይህንን ደንቡ ያዛል።

በአንጻሩ አንዲት የሐረሪ ተወላጅ የሆኑ የድሮ ጎረቤታቸው በየሳምንቱ በእግራቸው እየመጡ አክስቴን ይጠይቃሉ። ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚደራረሱበት የቆየ ማኅበር አላቸው። አክስቴ የዚያ አባል አይደሉም። ሴትዮዋን የሚያመጣቸው የማኅበር ደንብ ሳይሆን ጉርብትና ነው።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ቀለብ የመስጠት ግዴታን በወላጅና በተወላጅ፣ እንዲሁም በወንድምና በእህት መካከል ጥሏል። የቀድሞው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ የራቀ አልነበረም። የወንድም ልጅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ልጅ ያልወለዱት፣ ወንድምና እህቶቻቸው የሞቱባቸው አክስቴ በፍርድ ቤት ቀለብ ሊጠይቁት የሚችሉት ሰው የላቸውም። እኔ በሕግ ነፃ ነኝ። ይህ ነፃነት ግን ምንም አላስደሰተኝም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። ‹‹አቅም በፈቀደ›› የምትለዋ ሐረግ ሰፊ በር ናት፤ ብዙ ነገር ይወጣባታል። በ2009 ዓ.ም. ሐረርን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት፣ መሥራት ለማይችሉ ድሆች የገንዘብ ድጋፍ ማካተቱ ጥሩ ጅምር ነው። የቀረውን ሸክም በአብዛኛው የተሸከሙት በጎ አድራጊዎች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው መቄዶንያ በሕዝብ መዋጮ የቆመው መንግሥት ሊሞላው ያልቻለው ክፍተት ስላለ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙዎቻችን የማናውቀው ሰነድ አለ። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ አረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል አጽድቋል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። አንቀጽ 11 ስለ መርጃ ቤቶች ሁለት ቁም ነገሮችን ይናገራል። አንደኛ፣ ወደ መርጃ ቤት መግባት በአረጋዊው ምርጫና በሚቻል ዋጋ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ እንክብካቤው አገራዊ ዝቅተኛ መለኪያን ማሟላት አለበት። እንግዲህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ያ መለኪያ በየመርጃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ እንደ እኔ ያለ ጠያቂ ለምን አያነበውም? አንድ ሠራተኛ ስንት አረጋውያንን ይይዛል? የመድኃኒት መዝገብ ማን ይፈትሻል? ቅሬታ ለማን ይቀርባል? በጎ አድራጊውን ለማሳቀቅ አይደለም የምጠይቀው። ምስጋና ቁጥጥርን ሊተካ ስለማይችል ነው።

ለዕድሮችም አንድ ሐሳብ አለኝ። ‹‹ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ የአረጋዊ ቀለብ ከተጫነበት ይፈርሳል›› የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት አለው። ካዝናቸው ትንሽ ነው፤ አባላቱም እያረጁ ነው። ነገር ግን ዕድር ከቀብር ሌላ አያውቅም ማለት ትክክል አይደለም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ኤድስ ቤት ለቤት ሲገባ፣ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን ቀይረው የታመመ አስታመዋል፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ረድተዋል። ያኔ ያስገደዳቸው በየሳምንቱ ድንኳን መትከላቸው ነበር።

ዛሬ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ለ30 ዓመት የከፈለና 75 ዓመት የሞላው አባል ከመዋጮ ነፃ ይሁን፤ ስሙ ከመዝገብ አይሰረዝ። አባሉ መርጃ ቤት ከገባ ደግሞ ለለቅሶ ተራ እንደምንይዝ ሁሉ በወር አንድ ቀን በተራ ይጠየቅ። በከተማው ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ የታክሲ ዋጋ ነው። ለእኔ ግን የወር ደመወዜን ያናጋል። ጠያቂ ያለው አረጋዊ አልጋው ቶሎ ይቀየራል፣ መድኃኒቱም አይረሳም፤ ይህንን ሆስፒታል ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከፍ ያለ ደስታ ነበር፤ ተገቢም ነው። ግንቡ ስንጥቅ ቢያወጣ የሚጠይቅ አለ። በውስጡ 40 ዓመት ኖረው የወጡት ሰዎችስ?

አንባቢ 2,000 ብሩን ምን እንዳደረግኩት ሊጠይቅ ይችላል። ሰብሳቢውን ለምኜ በሁለት ጊዜ ክፍያ አስፈቀድኩና 1,000 ብር ለዕድሩ ከፈልኩ። በቀረው ዳይፐርና ሳሙና ገዛሁ። ወተቱ ቀረ። አክስቴ ደረሰኙን ተቀብለው፣ ማንበብ ባይችሉም ማኅተሙን በጣታቸው ዳስሰው ከትራሳቸው ሥር አስገቡት። የቀረውን 1,100 ብር ደመወዝ ሲወጣ እልካለሁ። ከዚያ በፊት ክፉ አያምጣብን።