ሐራጁ የሚሸጠው ቤት ነው ወይስ ክርክር?

የየትኛውንም ጋዜጣ የማስታወቂያ ገጽ ገለጥ አድርጉት። የባለዕዳው ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ የሐራጅ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት ሁሉም ተደርድሯል። ቤቱ ላይ ሌላ ማን ጥያቄ እንዳለው ግን ብዙውን ጊዜ አይጻፍም። ጉዱ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው!

አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በውል ሥልጣን ከተሰጠው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የያዘውን ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ብድር ይመለስ፤ በዚህ ጠብ የለንም። ነገር ግን ጠያቂውም ሻጩም ባንኩ ራሱ ሲሆን፣ ዳኛ ያላየውን ቤት የሚገዛው ሰው ምን መተማመኛ አለው?

ሕጉን እንየው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መያዣ የሚጸናው ቤቱ ባለበት ቦታ መዝገብ ሲገባ ነው። አበዳሪዎቹ ብዙ ከሆኑ ቀድሞ የተመዘገበው ቀድሞ ይወስዳል። መያዣ ደግሞ የሚከተለው ቤቱን ነው፤ ባለቤት ቢለወጥም አይለቅም። ታዲያ ሻጩ ባንክ በተራ ሁለተኛ ቢሆንና የፊተኛው ሳይከፈለው ቢቀር፣ ገዢው በገዛ ገንዘቡ የሰው ዕዳ ገዛ ማለት አይደል?

የትዳርም ነገር አለ። የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ ቤት ለማስያዝ የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። ባል ብቻውን ፈርሞ ከሆነ፣ ሚስት ባወቀች በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ትችላለች። ቦታው የሊዝ ከሆነም ያልተከፈለ ቀሪ ሊዝ አለ።

ተጫራቹ ግን የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል፤ ካሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ አምጣ ይባላል። መዝገብ ሊያይ ሲሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ፋይሉ አልተገኘም፣ ነገ ተመለስ» ነው። ለመክፈል ቀን ተቆርጦለት፣ ለማወቅ ግን ቀን የለውም!

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ባንኮች ከማስታወቂያው ጋር የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ፣ የትዳር ጓደኛ ፊርማ መኖሩን፣ ቀሪውን ሊዝና ቤቱ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ይግለጹ። መዝገብ ቤቱም ለጠየቀ ሁሉ ይክፈት። ሁሉም ነገር ከታወቀ ተጫራች አይሸሽም፤ ዋጋው ይወጣል፤ ባለዕዳውም ቤቱ በርካሽ አይሄድበትም።

እስከዚያው፣ ወገኖቼ፣ ሲፒኦ ከማሠራታችሁ በፊት መዝገቡን እዩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና።